ሳልጠልቅ የተማርኩት ባሕር፦ ወደ ውጭ አገር ለመስክ ኮርስ ለምትሄዱ ተማሪዎች

ይህን የምጽፈው በባሕር ጥበቃና በዘላቂነት ላይ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ የመስክ ኮርስ ውጭ አገር ሄደው ለመውሰድ ለሚያስቡ ተማሪዎች ነው፤ በተለይም ከባሕር ርቀው ላደጉና ጨው ውኃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው ለማያውቁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኮርሱን የወሰድኩት በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ወደ ማጠናቀቁ ስቃረብ ሲሆን፣ የተሰጠው በምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ በሚገኝ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። የኮርሱ ማስታወቂያ ላይ የነበሩት ፎቶግራፎች በሙሉ ከውኃ በታች የተነሡ ነበሩ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜም በስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሞ ከውኃ በታች በመተንፈስ) ሳልጠልቅ ጨረስኩት። ይህ እንዴት እንደሆነና ከዚያ ምን እንዳገኘሁ ብነግራችሁ፣ እኔ ካለፍኩበት ጭንቀት የተወሰነው ይቀርላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ኮርስ ስትመርጡ ከቦታው ውበት በፊት ወረቀቱን መርምሩ። ማስታወቂያዎች የትምህርት ክፍያውን በግልጽ ይጽፋሉ፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛ፣ የጠላቂነት ሥልጠና፣ የመሣሪያ ኪራይና ኢንሹራንስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ውጭ ናቸው። የትኛው እንደተካተተ በጽሑፍ ጠይቃችሁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ፓስፖርታችሁ በአብዛኛው አገር ቪዛ የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ ኮርሱ በጎብኚ ቪዛ ይወሰድ እንደሆነ ወይም የተማሪ ወይም የምርምር ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ቪዛ የማያስፈልጋቸው ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ስለማያነሡት አዘጋጆቹም ላያስቡበት ይችላሉ። ክሬዲቱንም በተመለከተ፣ ኮርሱ በእናንተ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ትምህርት እንደሚተካ የትምህርት ክፍላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በፊርማና በማኅተም ያረጋግጥላችሁ። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ተማሪ ይህን ሳታደርግ መጥታ፣ ስትመለስ ክሬዲቱ ሳይያዝላት ቀረ። ያ ሁሉ ድካም ለምረቃዋ አልቆጠረላትም።

ኢንሹራንሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ በስኩባ መጥለቅን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ ቢሸፍንም ከተወሰነ ጥልቀት በታች ላለው ኃላፊነት አይወስድም። ጠላቂዎች በፍጥነት ወደ ላይ ሲወጡ ለሚያጋጥማቸው ሕመም የሚሰጠው ሕክምና በከፍተኛ ግፊት ክፍል ውስጥ ኦክስጅን መተንፈስ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በአብዛኞቹ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የለም። ስለዚህ ውሉ ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን በሽተኛውን ክፍሉ ወዳለበት ቦታ የማድረሱን ወጪም መሸፈኑን አንብባችሁ አረጋግጡ።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ። የመጀመሪያ ደረጃ የጠላቂነት ፈቃድ ለማግኘት በአብዛኛው 200 ሜትር ያለማቋረጥ መዋኘትና ለ10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ ይጠየቃል። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፍጥነትም አይለካም። የሚፈለገው በውኃ ውስጥ አለመደንገጥ ነው። እኔ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ለወራት ተለማመድኩ፤ ከዚያም በላይ የጠቀመኝ በስኖርክል፣ ማለትም ጫፉ ከውኃ በላይ በሚወጣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ፊቴን ውኃ ውስጥ አድርጌ በዝግታ መተንፈስን መልመዴ ነው። ባሕር ላይ ውኃው ይንቀሳቀሳል፣ የመነጽራችሁ መስታወት በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ጨው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል እርሳስ ይዞ መጻፍ የሚችለው ሳያስብበት በእርጋታ መተንፈስን የለመደ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስኩባ የሚሠለጥን ሰው ሁሉ ስለ ሳንባው፣ ስለ ልቡ፣ ስለ ጆሮው የሚጠይቅ የጤና ቅጽ ይሞላል። አንዳንዶቹን ጥያቄዎች “አዎ” ብሎ የመለሰ ሰው ሐኪም መርምሮ እስኪፈርምለት ድረስ አይጠልቅም። የእኛ አዘጋጆች ቅጹን አስቀድመው አልላኩልንም፤ የሰጡን ደሴቱ ላይ በደረስን ማግስት ጠዋት ነው። እኔ በልጅነቴ ጆሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናም ተደርጎልኛል። ይህንኑ ጻፍኩ። አሠልጣኙ ቅጹን አይቶ፣ ያለ ሐኪም ፊርማ ውኃ ውስጥ ሊያስገባኝ እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። በደሴቱ ጤና ጣቢያ የነበረችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። በዋናው ምድር ያገኘነው ሐኪምም የመስማት ምርመራ ሳያይ እንደማይፈርም በስልክ ገለጸልን፤ ልክም ነበር። ምርመራውን ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ከቀረው የኮርስ ጊዜ ይበልጣል።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለነፃ ትምህርት ዕድሉ ስወዳደር ያሳለፍኳቸው ወራት፣ የቤተሰቤ ደስታ፣ የመምህራኔ የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነ። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ “ለምን አዲስ ቅጽ ወስደህ ‘አይ’ ብለህ አትሞላውም?” አለኝ። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። ምክሩን ግን እንዳትቀበሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በውኃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው። የጆሮን ግፊት ማስተካከል ያልቻለ ሰው የጆሮው ታምቡር ሊቀደድ፣ ሚዛኑን አጥቶ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ መለየት ሊያቅተው ይችላል። ያኔ አደጋው የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ አብሮት የጠለቀው ባልንጀራውም ሊያድነው ሲል አደጋ ላይ ይወድቃል። ኮርስ እንደተቀበላችሁ በዚያው ሳምንት የጤና ቅጹን ጠይቁ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካለ አገራችሁ ሳላችሁ ተመርመሩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

በማግስቱ የኮርሱ አስተባባሪ መምህርት ጠርታ የባሕር ሣር ከሚያጠናው ቡድን ጋር እንድሠራ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሎቹ ኮራል (በባሕር ወለል ላይ እንደ ድንጋይ ያለ መኖሪያ የሚሠሩ ጥቃቅን እንስሳት) ለማየት ጀልባ ላይ ሲወጡ እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ሣር መቁጠሬ አሳዝኖኝ ነበር። ኀዘኔ ግን ብዙ አልቆየም። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሆነባቸው ቀናት አካባቢ ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ይሸሻል፤ ያኔ ትናንት ውኃ የነበረው ሜዳ በሰዓታት ውስጥ የሚራመዱበት አረንጓዴ መስክ ይሆናል። የባሕር ሣር አልጌ አይደለም፤ ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያለው እውነተኛ ተክል ነው። ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ፣ ለአረንጓዴ የባሕር ኤሊና ዱጎንግ ለሚባለው ትልቅ አጥቢ የባሕር እንስሳ መኖ ይሆናል፤ ሥሩ በያዘው ደለል ውስጥም ካርቦን ለረጅም ዘመን ተቀብሮ ይቆያል። ስለዚህ ተክል ከዚያ በፊት አንድም ክፍል ውስጥ በዝርዝር ተምሬ አላውቅም ነበር።

የተጠቀምንበት ዘዴ በ1998 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ የተጀመረውና ሲግራስ ዎች የሚባለው የባሕር ሣር መከታተያ መርሐ ግብር የሚሠራበት ነው። እያንዳንዳቸው 50 ሜትር የሆኑ ሦስት የመለኪያ ገመዶች በ25 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። በየ5 ሜትሩ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ክፈፍ መሬት ላይ ይቀመጥና፣ በውስጡ ያለው ሣር ከመቶ ምን ያህሉን እንደሸፈነ፣ የትኞቹ ዝርያዎች እንዳሉ፣ የቅጠሉ ርዝመት ስንት እንደሆነ ይመዘገባል። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ቀን ግን አንዱን ክፈፍ ሁለታችን አይተን እኔ 40 ከመቶ ስል ባልደረባዬ 70 አለች። ሁለታችንም እርግጠኞች ነበርን። መምህርቷ አልተቆጣችም፤ መጠናቸው የታወቀ ፎቶግራፎች ሰጥታን ግምታችን እስኪቀራረብ ድረስ አለማመደችን። ይህን ልምምድ ማንም ቡድን እንዳይዘለው። ያለዚያ በመጨረሻ ያገኛችሁት ልዩነት የባሕሩ ይሁን የዓይናችሁ ማወቅ አትችሉም።

ዝርያዎቹን መለየትም የሚለመደው ከመሄድ በፊት ነው። የቅጠሉን ጫፍ ተመልከቱ፦ ሳይሞዶሲያ ሴሩላታ የሚባለው ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ሲሪንጎዲየም ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሳይሆን ድቡልቡል ነው፤ ሃሎፊላ ኦቫሊስ ትንንሽ ሞላላ ቅጠሎች አሉት። ታላሲያ ሄምፕሪቺን ደግሞ ወፍራም በሆነው ግንደ ሥሩና በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ትለዩታላችሁ። እነዚህን ከመነሣታችሁ በፊት በሥዕል ካጠናችሁ፣ ባሕሩ ተመልሶ ከመሙላቱ በፊት ያላችሁ ጥቂት ሰዓት ለሥራ ይቀርላችኋል። እኛ ከዚያ ጊዜ ብዙውን መጽሐፍ ስናገላብጥ አጠፋነው።

መረጃውን በዚያው ዕለት ማታ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። የሚደክማችሁ፣ ፀሐይ ያቃጠላችሁ፣ የተራባችሁ ሰዓት ነው፤ ቢሆንም አድርጉት። የጠላቂዎቹ ቡድን ሁለት ቀን አቆይቶ ለማስገባት ሲቀመጥ፣ ጽሑፉ የማን እንደሆነ፣ “ጥ” የተባለው ጥቁር ኮራል ይሁን የጥናት መስመር ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ሙሉ ጠለቃ ወጥቶ ተጣለ። ውኃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ብዕር ይጠፋል። ወረቀቱን በሞባይል ፎቶ አንሡት፤ ፋይሉንም ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡት። ባሕር ኤሌክትሮኒክስ ይበላል።

የሥራዬን አቅጣጫ የቀየረው ግን መለኪያው አይደለም። ባሕሩ ሲሸሽ ከእኛ ሌላ በሜዳው ላይ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ የደሴቱ ሴቶች ዱላ ይዘው በኮራልና በሣሩ መካከል ኦክቶፐስና ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። በየቀኑ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ክፈፋችንን ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አብሮን የነበረው የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ንግግራቸውን ሲተረጉምልን እንዲህ አሉ፦ “ልጆቼ፣ አምናም የመጡት እንዲሁ ገመድ ዘርግተው፣ ጽፈው ሄዱ። ከእነርሱ በፊት የመጡትም እንዲሁ። የጻፉት ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።”

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ማታ በቡድን ስንነጋገር፣ የመጨረሻውን የጥናት ውጤት ለመምህራን ከማቅረባችን በፊት ለእነርሱ እናቅርብ ብለን ተስማማን። መምህርቷም ደስ ብሏት ፈቀደች፤ የመንደሩን አስተዳዳሪም ራሷ አነጋገረች። በሰሌዳ ላይ ግራፍ ማሳየቱን ትተን ትልቅ ወረቀት ላይ የባሕሩን ዳርቻ ካርታ ሣልን። ቦታዎቹን በራሳችን የመስመር ቁጥር ሳይሆን የመንደሩ ሰው በሚጠራቸው ስም ጻፍን። ሣር የበዛበትን በአረንጓዴ፣ የሳሳበትን በቢጫ ቀባን።

ካርታውን እንዳዩ እኚያ እናት አንድ ቢጫ ቦታ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። እኛ ያንን ቦታ “በተፈጥሮው አሸዋማ” ብለን መዝግበነው ነበር። እርሳቸው ግን ልጅ ሳሉ እዚያ ሣሩ እስከ ጉልበታቸው ይደርስ እንደነበር፣ የሞተር ጀልባዎች መልሕቅ መጣልና ሰዎች ከባሕሩ ዳር ረጅም መረብ መጎተት ከጀመሩ ወዲህ እንደተነቀለ ነገሩን። ሌሎቹ ሴቶችም እየተቀባበሉ አረጋገጡ። ስንለካው የሰነበትነው የባሕሩን የዛሬ መልክ ብቻ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ ያለፈውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሪፖርታችን ዋና ሐሳብ በዚያች ምሽት ተቀየረ። ከመንደሩ ዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተነጋግረን፣ ጀልባዎች ሣሩን ሳይነቅሉ የሚታሰሩበት ቋሚ ተንሳፋፊ ማሰሪያ የት ቢቀመጥ እንደሚሻል በካርታው ላይ አመለከትን።

እንዲህ ያለ ነገር ከባዶ ሜዳ አይነሣም። በዚያው ውቅያኖስ በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ አንዳቫዱዋካ የምትባል መንደር በ2004 እ.ኤ.አ. የኦክቶፐስ መያዣ ቦታዋን በከፊል ለተወሰኑ ወራት ዘግታ ነበር። ኦክቶፐስ ፈጥኖ የሚያድግ እንስሳ በመሆኑ፣ ቦታው ሲከፈት የሚያዘው ከብዶ ይገኛል፤ ትርፉም በዓይን ይታያል። ሌሎች መንደሮች ይህን አይተው ተከተሉ። ሕጉን ያወጡትም ያስከበሩትም ከባሕሩ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ስለ ጥበቃ በክፍል ውስጥ የተማርኩት ብዙ ነገር ትርጉም ያገኘው ይህን ታሪክና የእኚያን እናት ቃል ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው።

ስለዚህ ከሰዎች ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ቃለ መጠይቅ ማድረግ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ከመሄድ በፊት ይጀመር። የሰው፣ በተለይም የልጆች፣ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አታንሡ። የቋንቋውን ሰላምታና ምስጋና ተማሩ። ኮርሱን ከመምረጣችሁ በፊትም አዘጋጆቹን ጠይቁ፦ የአገሩ ተማሪዎች አብረው ይማራሉ ወይ? መረጃው ከኮርሱ በኋላ የት ይቀመጣል? ለአገሩ መሥሪያ ቤትስ ይሰጣል? መልስ የሌላቸው ከሆነ ሌላ ኮርስ ፈልጉ።

ጠላቂ ጓደኞቼ ያዩት ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። አንድ ቀን ከውኃ ሲወጡ ማንም አልተናገረም፤ ከኮራሉ ብዙው ነጭ ሆኖ ነበር። ኮራል ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ውኃው ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል፤ ይነጣል። ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ሊያገግም ይችላል። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሠቱን አስታውቀዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን ማየት ከባድ ነው፤ ያለቀሱም ነበሩ። ከደረሰባችሁ ኀዘኑን ለብቻችሁ አትያዙት፣ ከመምህራችሁ ጋር ተነጋገሩ። የእኛ መምህርት ያን ማታ ስለ ካቦ ፑልሞ አጫወተችን። በሜክሲኮ የሚገኘው ይህ የባሕር ፓርክ በ1995 እ.ኤ.አ. ተከለለ፤ የአካባቢው ቤተሰቦችም ማስገር አቆሙ። ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ውስጥ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከአራት እጥፍ በላይ ጨመረ። ጥበቃ የባሕሩን ሙቀት አይቀንስም፤ ዓሣውን ግን ይመልሳል። ሁለቱንም አውቆ መሥራት ያስፈልጋል።

ጥቂት የደኅንነት ነገሮችን ባጭሩ ልጨምር። የጀልባ ማቅለሽለሽ የሚይዛችሁ ከሆነ መድኃኒቱን ከመነሣታችሁ በፊት ውሰዱ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም። በሣሩ ላይ ስትሄዱ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፤ የባሕር ጃርት እሾኽ ቀልድ አይደለም። አሸዋ ላይ እግራችሁን እየጎተታችሁ ተራመዱ፤ አሸዋ ውስጥ የተኛ ባለመርዝ ጅራት ዓሣ ሰምቶ ይሸሻል። እንዲህ ያለው ዓሣ ወይም ድንጋይ የሚመስለው መርዘኛው የድንጋይ ዓሣ ከወጋችሁ፣ ቆዳ የማያቃጥል ግን የቻላችሁትን ያህል ሙቅ የሆነ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ሂዱ። ለፀሐይ ከቅባት ይልቅ እጀ ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል። ፓላውና ሃዋይ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች በሕግ አግደዋልና የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ እዩ። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያልፍ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። የመመለሻ ቲኬታችሁን ስትቆርጡ ይህን አስቡ።

ከባሕር ዳር ምንም ነገር ይዛችሁ አትመለሱ። አንድ ባልደረባችን ሞቶ የወደቀ ኮራል ለማስታወሻ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞበት ብዙ ተንገላታ። ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው፤ ሕይወት የሌለው ስብርባሪ እንኳ ያለ ፈቃድ ድንበር ሲያልፍ ሊወረስ ይችላል። ለላቦራቶሪ የሚሆን ናሙናም ያለ ወረቀት አይወጣም።

አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ከቡድኑ ጋር ሪፖርቱን አጠናቅቀን፣ የመስመሮቹን መነሻና መድረሻ ቦታ በካርታ ላይ የሚያመለክቱትን ቁጥሮች ከነጥሬ መረጃው ለአካባቢው የዓሣ ሀብት ቢሮና ተርጓሚያችን ለሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ላክን። የመንደሩ ሰዎች በሚያነብቡት ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ አጭር ማብራሪያም አያይዘናል። ይህን ሥራ ለኋላ አታቆዩት፤ የአዲሱ ሴሚስተር ትምህርት ሲጀምር ሁሉም በየራሱ ይበተናል። ማን ምን እንደሚጽፍና በየትኛው ቀን እንደሚልክ ገና ደሴቱ ላይ ሳላችሁ ተከፋፈሉ። የሚቀበለውን ሰው ስምና አድራሻም ከእርሱ ከራሱ ተቀበሉ። የጆሮዬን ምርመራ ደግሞ በዚያው ሰሞን አደረግሁ፤ ሐኪሙ ከፈረመልኝ በሚቀጥለው ዕድል እጠልቃለሁ፤ ካልፈረመልኝም ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ።